በሙከራ ላይ ያሉ የፋይል ሥርዓቶች በሊኑክስ ነባሪ ከርነል ውስጥ ሲካተቱ ተጠቃሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መግቢያ

የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና በግል ኮምፒውተሮች፣ በትምህርት ተቋማት፣ በመሥሪያ ቤቶችና በሰርቨሮች ላይ በስፋት ይሠራል። በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰነድ፣ ፎቶግራፍ ወይም የሂሳብ መዝገብ በዲስክ ላይ የሚጻፈውና መልሶ የሚነበበው የፋይል ሥርዓት በተባለው የሶፍትዌር ክፍል አማካይነት ነው። የፋይል ሥርዓቱ ከተበላሸ ወይም ኮምፒውተሩ የፋይል ሥርዓቱን ማንበብ ከተሳነው፣ ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ቢሆንም በውስጡ ያለው መረጃ ለባለቤቱ አይደርስም።

አንዳንድ የፋይል ሥርዓቶች ገና በሙከራ ላይ እያሉ ከሥርዓተ ክወናው ጋር አብረው ይቀርባሉ። ይህም በርካታ ተጠቃሚዎችን ያሳስታል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነገር ሁሉ ለአገልግሎት የተፈቀደና አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታሰባልና። ይሁን እንጂ አንድ የፋይል ሥርዓት በከርነሉ ውስጥ መገኘቱ ዲስኩን ለማንበብና ለመጻፍ ያስችላል እንጂ ለመረጃው ዋስትና አይሰጥም። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ከዚህ ቀደም የታዩ ተሞክሮዎችን፣ እንዲሁም መደረግ ያለባቸውን ጥንቃቄዎች ያብራራል።

1. የመሠረታዊ ቃላት ትርጉም

ከርነል፦ የሥርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን፣ በፕሮግራሞችና በኮምፒውተሩ አካላት መካከል ሆኖ ማህደረ ትውስታን፣ ዲስክንና ሌሎች መሣሪያዎችን ያስተዳድራል።

የሊኑክስ ስርጭት፦ ከርነሉን ከመጫኛ፣ ከአገልግሎት መስጫ ፕሮግራሞችና ከማዘመኛ ሥርዓት ጋር አንድ ላይ አድርጎ ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ጥቅል ነው። ፌዶራ፣ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ኦፕን ሱሴ እና ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ነባሪ ከርነል፦ ተጠቃሚው ሌላ ምርጫ ሳያደርግ ከስርጭቱ ጋር የሚጫንለት ከርነል ነው።

ሞጁል፦ በከርነሉ ውስጥ በቋሚነት ሳይሆን በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ የሚጫን የከርነል ክፍል ነው። አብዛኞቹ የፋይል ሥርዓቶች በስርጭቶች ውስጥ የሚቀርቡት በሞጁል መልክ ነው።

በሙከራ ላይ ያለ፦ አልሚዎቹ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ፣ በዲስክ ላይ የሚጻፍበት ቅርጽ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ስህተትም እንደሚጠበቅ አስቀድመው ያስታወቁበት ሶፍትዌር ነው።

2. «መካተት» የሚባለው አራት ደረጃዎች አሉት

አንድ የፋይል ሥርዓት በስርጭት ውስጥ «ተካቷል» ሲባል ከሚከተሉት አራት ደረጃዎች አንዱን ሊያመለክት ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ተስፋ የተለያየ ነው።

ሀ) በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ መገኘት። ኮዱ በዋናው የሊኑክስ ፕሮጀክት ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው። የስርጭቱ አዘጋጆች ግን ከርነሉን ሲያዘጋጁ ክፍሉን ሊያስቀሩት ይችላሉ።

ለ) በሞጁልነት ተዘጋጅቶ መቅረብ። ተጠቃሚው በዚያ የፋይል ሥርዓት የተሰናዳ ዲስክ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ሊያነበው ይችላል። በሙከራ ላይ ያሉ የፋይል ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚገኙት በዚህ ደረጃ ነው።

ሐ) በመጫኛው ውስጥ እንደ አማራጭ መቅረብ። ተጠቃሚው ሥርዓተ ክወናውን በዚያ የፋይል ሥርዓት ላይ እንዲጭን ይፈቀድለታል።

መ) ነባሪ ምርጫ መሆን። ተጠቃሚው ምንም ባይመርጥ የሚጫንለት ይህ ነው። የስርጭቱ አዘጋጆች ከፍተኛውን ኃላፊነት የሚወስዱት በዚህ ደረጃ ላለ የፋይል ሥርዓት ነው።

በደረጃ «ለ» የሚገኝን የፋይል ሥርዓት በደረጃ «መ» እንዳለ ቆጥሮ ብቸኛ ቅጂ የሆነ መረጃን በእርሱ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው።

3. ስርጭቶች በሙከራ ላይ ያሉ የፋይል ሥርዓቶችን የሚያካትቱበትና የሚያስቀሩበት ምክንያት

የሚያካትቱበት ዋነኛው ምክንያት ሙከራው ራሱ ነው። የፋይል ሥርዓት የሚጠነክረው በልዩ ልዩ ዲስኮች፣ በልዩ ልዩ የሥራ ጫናና በድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ሲፈተን ነው። ከርነልን በራሳቸው ማዘጋጀት የሚችሉ ሰዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ሞጁሉ በነባሪ ከርነል ውስጥ ካልቀረበ የሚሞክረው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ ስህተቶችም ሳይገለጡ ይቆያሉ። በተጨማሪም ከሌላ ኮምፒውተር የመጣን ዲስክ ለማንበብና ከጉዳት መረጃን ለማዳን ሞጁሉ መኖሩ ይጠቅማል። ሞጁሉ ሥራ ላይ ካልዋለ የሚይዘው የዲስክ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ለማይጠቀምበት ሰው የሚያስከትለው ወጪ አነስተኛ ነው።

የሚያስቀሩበት ምክንያትም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። የፋይል ሥርዓት ኮድ የሚሠራው በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ነው። ብዙዎቹ የፋይል ሥርዓቶች ደግሞ ሆን ተብሎ ለጥቃት የተዘጋጀን ዲስክ እንዲቋቋሙ ታስበው አልተሠሩም። በመሆኑም ተንኮል ያለበት ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ ሞጁሉ በራሱ ተጭኖ ለጥቃት በር ሊከፍት ይችላል። የሱሴ ስርጭቶች እምብዛም ሥራ ላይ የማይውሉ የፋይል ሥርዓት ሞጁሎች በራሳቸው እንዳይጫኑ አግደው፣ ተጠቃሚው ፈቅዶ እንዲከፍታቸው የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ሬድ ሃትም አንዳንድ እምብዛም የማያገለግሉ ሞጁሎችን በተጨማሪ ጥቅል ለይቶ ያቀርባል።

ሁለተኛው ምክንያት የጥገና ሸክም ነው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጥ ስርጭት አንድን ከርነል ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በፍጥነት የሚለዋወጥ ኮድን ማረም አስቸጋሪ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ግን መልሶ ማውጣት አለመቻል ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች ቢወገዱ ተጠቃሚው ምትክ ይፈልጋል። የፋይል ሥርዓት ሲወገድ ግን የተጠቃሚው መረጃ በውስጡ ይቀራል።

4. ከዚህ ቀደም የታዩ ተሞክሮዎች

4.1 ኢኤክስቲ4፦ ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ የሆነበት

ዛሬ በስፋት ከሚያገለግሉት የፋይል ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ኢኤክስቲ4 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 በወጣው ሥሪት 2.6.19 ነው። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ስም «ኢኤክስቲ4ዴቭ» ሲሆን፣ ገና በልማት ላይ መሆኑን ስሙ ይናገር ነበር። የቀድሞው ኢኤክስቲ3 ተጠቃሚዎች በአዲሱ ሥራ እንዳይነኩ ልማቱ ለብቻው እንዲካሄድ ተደረገ። «ዴቭ» የሚለው ቅጥያ የተነሣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በወጣው ሥሪት 2.6.28 ነው።

ምልክቱ መነሣቱ ግን ችግሩን ሁሉ አላስወገደም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ የኡቡንቱ 9.04 የሙከራ ሥሪትን በኢኤክስቲ4 ላይ የጫኑ ሰዎች ኮምፒውተራቸው በድንገት ሲቆም በቅርቡ የተጻፉ ፋይሎች ባዶ ሆነው አገኟቸው። ምክንያቱ አዲሱ የፋይል ሥርዓት ፍጥነት ለመጨመር ሲል መረጃው በዲስኩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው ዘግይቶ መሆኑ ነበር። ኢኤክስቲ3 በተለመደው አሠራሩ በየ5 ሰከንዱ ሲጽፍ፣ ኢኤክስቲ4 ግን 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችል ነበር። በርካታ ፕሮግራሞችም መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ትእዛዝ አይሰጡም ነበር። ችግሩን የሚቀንስ ማስተካከያ በሥሪት 2.6.30 ውስጥ ገባ። ፌዶራ 11 እና ኡቡንቱ 9.10 ኢኤክስቲ4ን ነባሪ ያደረጉት በዚያው ዓመት ነው።

ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ተጠቃሚ ይህ ታሪክ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በጽሕፈት መሐል መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር የሚወሰነው በፋይል ሥርዓቱ ብስለት ነው፤ አዲስ የፋይል ሥርዓት ደግሞ ያን ፈተና ገና አልጨረሰም።

4.2 ቢቲአርኤፍኤስ፦ ስርጭቶች በተለያየ መንገድ የወሰኑበት

ቢቲአርኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በወጣው ከርነል 2.6.29 ውስጥ በሙከራ ደረጃ ተካተተ። ፌዶራ 11 በመጫኛው ውስጥ ቢያቀርበውም ምርጫው በግልጽ አይታይም ነበር፤ ሊሞክር የፈለገ ሰው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ የተለየ የይለፍ ሐረግ መጻፍ ነበረበት። በዚህ መንገድ አውቆ የመረጠ ሰው ሳይከለከል፣ ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው እንዳይኖር ተደርጓል።

ከዚያ በኋላ የስርጭቶች መንገድ ተለያየ። ሱሴ ለድርጅቶች በሚያቀርበው ሊኑክስ ውስጥ ለቢቲአርኤፍኤስ ድጋፍ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ በዋናው ከርነል ውስጥ «በሙከራ ላይ» የሚለው ምልክት ገና አልተነሣም ነበር። ኦፕን ሱሴ 13.2 እ.ኤ.አ. በ2014 ለዋናው የሥርዓት ክፍል ነባሪ አደረገው። ፌዶራም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በወጣው ሥሪት 33 ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ነባሪ አድርጎታል። በአንጻሩ ሬድ ሃት በድርጅት ስርጭቱ ሥሪት 6 እና 7 ውስጥ ለቅድመ ዕይታ ብቻ አቅርቦት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥሪት 7.4 እንደሚቋረጥ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ሥሪት 8 ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስወጣው። በሥሪት 7 ላይ መረጃቸውን በቢቲአርኤፍኤስ ያስቀመጡ ተጠቃሚዎች ወደ ሥሪት 8 ለመሻገር አስቀድመው ወደ ሌላ የፋይል ሥርዓት መዛወር ነበረባቸው።

ይህ ተሞክሮ እንደሚያሳየው የከርነሉ ምልክትና የስርጭቱ ድጋፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋናው ፕሮጀክት ገና በሙከራ ላይ ነው ያለውን አንድ ስርጭት በራሱ ኃላፊነት ሊደግፈው፣ ዋናው ፕሮጀክት በስሏል ያለውንም ሌላው ሊያስወጣው ይችላል። በተጨማሪም የበሰለ የፋይል ሥርዓት በውስጡ ያልበሰለ ክፍል ሊኖረው ይችላል፤ ቢቲአርኤፍኤስ ብዙ ዲስኮችን ሬይድ 5 እና ሬይድ 6 በተባሉት ስልቶች የሚያጣምርበት አሠራር ነባሪ ከሆነ በኋላም ለአገልግሎት እንዳይውል ማስጠንቀቂያ ሲሰጥበት ቆይቷል።

4.3 ቢካሽኤፍኤስ፦ ከተካተተ በኋላ የወጣ

ቢካሽኤፍኤስ በኬንት ኦቨርስትሪት የተጀመረ የፋይል ሥርዓት ነው። ከዓመታት የውጭ ልማት በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በወጣው ከርነል 6.7 ውስጥ በሙከራ ደረጃ ተካተተ። አዳዲስ ከርነሎችን ቶሎ የሚያቀርቡ ስርጭቶች ሞጁሉን በነባሪ ከርነላቸው ስላቀረቡት፣ ተጠቃሚዎች ያለ ተጨማሪ ሥራ ዲስካቸውን በእርሱ ማሰናዳት ቻሉ።

ይሁን እንጂ ለውጦች ወደ ከርነሉ በሚገቡበት ጊዜና ሥርዓት ላይ በአልሚውና በዋናው ፕሮጀክት ኃላፊዎች መካከል አለመግባባት ተፈጠረ። የሊኑክስ ከርነል ደንብ አዳዲስ ተግባራት በእያንዳንዱ ሥሪት መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲገቡ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለእርማት እንዲውሉ ያዝዛል። ክርክሩ ያተኮረው የመረጃ ማዳኛ ተግባራት እንደ እርማት ይቆጠራሉ ወይስ እንደ አዲስ ተግባር በሚለው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ክፍሉ ከዋናው ፕሮጀክት ውጭ የሚጠበቅ መሆኑ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 መጨረሻ በወጣው ከርነል 6.18 ውስጥ ኮዱ የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ተጠቃሚው ከከርነሉ ለይቶ በሚጭነው ሞጁል ነው።

የፋይል ሥርዓቱ የቴክኒክ ብቃት ለዚህ ውሳኔ ዋነኛ ምክንያት አልነበረም። ለተጠቃሚው ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ከርነሉን ያዘመነ ሰው ትናንት ያነበበውን ዲስክ ያለ ተጨማሪ ሞጁል ማንበብ አይችልም። ተለይቶ የሚጫን ሞጁል ከርነሉ በተዘመነ ቁጥር እንደገና መዘጋጀት አለበት። ዝግጅቱ ካልተሳካ፣ ወይም የኮምፒውተሩ የአነሣሥ ጥበቃ ያልተፈረመ ሞጁልን ከከለከለ ዲስኩ አይከፈትም። ዋናው የሥርዓት ክፍል በዚያ የፋይል ሥርዓት ላይ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ አይነሣም።

5. ከመጠቀም በፊት መጣራት ያለባቸው ነጥቦች

አንድን የፋይል ሥርዓት ለመምረጥ ያሰበ ተጠቃሚ ወይም ተቋም የሚከተሉትን እንዲያጣራ ይመከራል፦

• የፋይል ሥርዓቱ በስርጭቱ ውስጥ ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው እንደሚገኝ፤
• በዋናው ከርነል የማዋቀሪያ መግለጫ ውስጥ «በሙከራ ላይ» የሚል ምልክት ያለበት መሆኑ፤
• የስርጭቱ የሥሪት ማስታወቂያ ድጋፍ እንደሚሰጠው፣ ለቅድመ ዕይታ ብቻ እንደቀረበ ወይም ሊቋረጥ እንደታሰበ መግለጹ፤
• የማሰናጃ፣ የመመርመሪያና የመጠገኛ ፕሮግራሞቹ በስርጭቱ ማከማቻ ውስጥ መኖራቸው፤
• ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው የማስነሻ ፍላሽ ዲስክ ያንን የፋይል ሥርዓት ማንበብ መቻሉ።

በሥራ ላይ ያለው ከርነል በዚያን ሰዓት የሚያውቃቸው የፋይል ሥርዓቶች ዝርዝር «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ሥር «ፋይልሲስተምስ» በሚል ስም ይገኛል። በሞጁልነት የቀረበና ገና ያልተጫነ የፋይል ሥርዓት በዚህ ዝርዝር ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ አለመታየቱ ብቻውን አለመኖሩን አያረጋግጥም። ከርነሉ ሲዘጋጅ የተደረጉት ምርጫዎች በአብዛኞቹ ስርጭቶች «ቡት» በተባለው ማውጫ ውስጥ ባለው የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ።

6. በሙከራ ላይ ያለ የፋይል ሥርዓት ለሚጠቀሙ የሚመከሩ ጥንቃቄዎች

1ኛ. ብቸኛ ቅጂ የሆነ መረጃ በዚህ ዓይነት የፋይል ሥርዓት ላይ አይቀመጥ። መጠባበቂያው በተለየ ዲስክና በበሰለ የፋይል ሥርዓት፣ ለምሳሌ በኢኤክስቲ4 ወይም በኤክስኤፍኤስ ላይ ይያዝ። መጠባበቂያው በእርግጥ መመለሱም በየጊዜው ይፈተሽ።

2ኛ. ሙከራው በተለየ ዲስክ ወይም የዲስክ ክፍል ላይ ይደረግ፤ ሥርዓተ ክወናው የተጫነበት ዋና ክፍልና የማስነሻው ክፍል በበሰለ የፋይል ሥርዓት ላይ ይቆዩ።

3ኛ. ከርነሉ በሚዘመንበት ጊዜ የቀድሞው ከርነል አይሰረዝ። አዲሱ ካልሠራ ኮምፒውተሩን በቀድሞው ማስነሣት ይቻላል።

4ኛ. አዲስ ከርነል በዲስክ ላይ ያለውን ቅርጽ ሊቀይር እንደሚችል ይታወቅ። ቅርጹ ከተለወጠ በኋላ የቀድሞው ከርነል ዲስኩን ላያነበው ይችላልና ከማዘመን በፊት የሥሪት ማስታወቂያው ይነበብ፤ መጠባበቂያም ይያዝ።

5ኛ. ኃይል በሚቆራረጥበት ቦታ የኃይል መጠባበቂያ መሣሪያ ይኑር።

6ኛ. ስህተት ሲያጋጥም የከርነሉ መዝገብ ተያይዞ ለስርጭቱ አዘጋጆች ሪፖርት ይደረግ። የፋይል ሥርዓቱ በሙከራ መልክ የተካተተውም ለዚህ ነው።

7. ድጋፍ ሲቋረጥ የሚወሰዱ እርምጃዎች

የሚገለገሉበት የፋይል ሥርዓት ከስርጭቱ እንደሚወጣ የታወቀ እንደሆነ ተጠቃሚዎች በሚከተለው ቅደም ተከተል እንዲሠሩ ይመከራል።

በመጀመሪያ፣ ከርነሉ በራሱ እንዳይዘመን ማገድ። ይህ ጊዜያዊ እርምጃ ነው፤ ያልተዘመነ ከርነል የደኅንነት እርማት ስለማያገኝ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩበት አይገባም።

ቀጥሎ፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ በሚፈቅድ ሁኔታ ከፍቶ መረጃውን በበሰለ የፋይል ሥርዓት ወደተሰናዳ ሌላ ዲስክ መገልበጥ።

ከዚያም፣ የተገለበጡት ፋይሎች ቁጥርና ይዘት ከምንጩ ጋር መመሳከሩን ማረጋገጥ። ይህ ሳይደረግ የቀድሞው ዲስክ እንደገና መሰናዳት የለበትም።

ከርነሉ አስቀድሞ ተዘምኖ ዲስኩ አልከፈት ካለ መረጃው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ዲስኩ እንዳልተሰናዳ ገልጾ እንዲሰናዳ ቢጠይቅ ፈቃድ መስጠት አይገባም፤ ማሰናዳት ሊመለስ የሚችለውን መረጃ ያጠፋልና። በዚህ ጊዜ የፋይል ሥርዓቱን የሚያውቅ የቀድሞ ከርነል ወይም የአደጋ ጊዜ ማስነሻ መጠቀም ይገባል።

8. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሞጁሉ በኮምፒውተር ላይ መኖሩ ብቻ ጉዳት አለው?
መልስ፦ በሌላ የፋይል ሥርዓት ላይ ያለን መረጃ አይነካም። ሆኖም ምንጫቸው ያልታወቀ ፍላሽ ዲስኮች የሚሰኩበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ የማያስፈልጉ ሞጁሎች እንዳይጫኑ ማገድ ለደኅንነት ይረዳል።

ጥያቄ፦ «በሙከራ ላይ» የሚለው ምልክት ከተነሣ በኋላ ወዲያውኑ መጠቀም ይቻላል?
መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የኢኤክስቲ4 ተሞክሮ እንደሚያስረዳው ምልክቱ ከተነሣም በኋላ ችግር ሊገለጥ ይችላል። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ስርጭቱ ነባሪ እስኪያደርገው መጠበቅ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ በከርነል ውስጥ የቆየ የፋይል ሥርዓት ሊወጣ ይችላል?
መልስ፦ አዎ። በአንድ ወቅት የሱሴ ስርጭቶች ነባሪ የነበረው ራይዘርኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደሚወገድ ተገልጾ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በወጣው ከርነል 6.13 ተወግዷል። ልዩነቱ ለበሰለ የፋይል ሥርዓት ተጠቃሚዎች ለመዛወር የሚያስችል የዓመታት ጊዜ መሰጠቱ ነው። በሙከራ ላይ ላለ የፋይል ሥርዓት ግን ይህን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ማንም ቃል አይገባም።

ማጠቃለያ

በሙከራ ላይ ያለን የፋይል ሥርዓት በነባሪ ከርነል ውስጥ ማካተት ለሶፍትዌሩ ዕድገት ጠቃሚ ነው፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ኢኤክስቲ4 እና ቢቲአርኤፍኤስም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ማካተቱ ግን ለመሞከር የተሰጠ ዕድል እንጂ መረጃን ለመጠበቅ የተገባ ቃል አይደለም። ቃሉ የሚገኘው በስርጭቱ የድጋፍ መግለጫ ውስጥ ነው። ስለሆነም ማንኛውም ተጠቃሚ ወይም ተቋም ዲስኩን ከማሰናዳቱ በፊት ያንን መግለጫ እንዲያነብ፣ መጠባበቂያ ቅጂውንም በሌላ ዲስክ ላይ እንዲይዝ ይመከራል።